በሩስ እንዴት ነው?

ሐያት ይመር ጫማዋን የምታስረው በሩ ፊት ቆማ ነው። ጓዳ አስራው ብትመጣ የሚከብዳት ነገር የለም፤ ግን በሩ እስኪከፈት እጅን አጣምሮ መቆም ውርደት ይመስላታል። ስለዚህ ጎንበስ ትልና ክሩን ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች፣ ደግማ ትፈታለች። ላያት ሰው የምትጠብቅ አትመስልም። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ የራሱ ዘዴ የሌለው ሰው የለም። ጎረቤቷ እትዬ ዘሪቱ ነጠላቸውን እያጣፉና እየፈቱ ይቆማሉ። ከእነሱ በላይ ያሉት ጡረተኛ መቶ አለቃ ደግሞ በየጠዋቱ በሩ ሥር የወደቀ ቁልፍ ይፈልጋሉ፤ ቁልፍ የሚባል ነገር ከከተማው ከጠፋ ግን ሰንብቷል።

“እንዴት አደርሽ ሐያት? ዛሬስ ወዴት ነው?” አላት በሩ። ድምፁ የወሎ ሰው ድምፅ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ችኮላ የማያውቅ።

“አልሐምዱሊላህ፣ ደህና። ወደ ሥራ ነው።”

“መልካም። አንድ ጊዜ ታገሺኝ።”

አንድ ጊዜ የሚባለው አንዳንዴ ጫማ እስኪታሰር ነው፤ አንዳንዴ እስከ ረፋድ ይሄዳል። ዛሬ ቶሎ ተከፈተላት። ከጦሳ የወረደው ጉም ደጃፉ ላይ ተኝቶ ነበር፤ በመሐሉ አልፋ ሄደች።

ሲጀመር ይህን ያህል አልነበረም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በሮቹ መጀመሪያ የገቡት ለሌባ ነው ተብሎ ነበር። ቀጥሎ ለወረርሽኝ ተባለ። ቀጥሎ ለመንገድ መጨናነቅ። ከዚያ ወዲያ ምክንያት መስጠቱ ቀረ፤ ጠያቂም አልተገኘም። ሰው ኑሮውን በበሩ ልክ ሰፋው። የሠርግ መጥሪያ ላይ “በሩ ከፈቀደ” ተብሎ ይጻፋል። ዕድሮች ቀብር የቀረን አባል መቅጣት ትተዋል፤ “የበር ሰው ነው” ከተባለ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ልጆች “በር በር” የሚባል ጨዋታ አምጥተዋል፤ አንዱ በር ሆኖ ይቆማል፣ ሌሎቹ ፊቱ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ ቀድሞ የተቆጣው ይሸነፋል።

አንድ ነገር ግን ሁሉም ሳይነጋገር ያውቀዋል። በሩ ሰውን አንተ ወይ አንቺ እያለ እስካናገረ ድረስ ደህና ነው። አንድ ቀን ተነስቶ “እርስዎ” ካለ ግን፣ ያ ሰው ጫማውን ቢያስርም ባያስርም ለውጥ የለውም።

የሐያትን ታላቅ ወንድም እንድሪስን በሩ አንቱ ካለው ከርሟል።

ሐያት የትርጉም ቤት ቃራሚ ናት። ከአጨዳ በኋላ የወደቀ ዛላ የሚለቅም ሰው ቃራሚ እንደሚባለው ሁሉ፣ እሷም በሮቹ ቀን ሙሉ ከሰሙት የሰው ወሬ ውስጥ ለየቃሉ ምስክር የሚሆን ዓረፍተ ነገር ትለቅማለች። ከፒያሳ ከፍ ብሎ ባለው ሕንፃ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ስለ ሽንኩርት፣ ስለ አማች፣ ስለ ጥርስ ሕመም ሲያወሩ ትሰማለች። የአንድን ቃል ትርጉም የሚወስነው እንደ ድሮው ሊቅ አይደለም። ሰው ቃሉን ለምን ለምን ነገር እንደተጠቀመበት ይታያል፤ ትርጉሙ እሱ ነው። ፍርድ የሚሰጠውም፣ ሰው መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፣ የሕጉን ቃላት የሚፈታው ትርጉም ቤትን እየጠየቀ ነው። ሐሳቡ ሲነሳ ደግ ሐሳብ ነበር። “ሕግ በሕዝብ አፍ” ተብሎ በየአደባባዩ ተለጥፎ ሰው ሁሉ አጨብጭቦለታል፤ ሐያትም አጨብጭባለች።

ምስክሩ ግን ደንብ አለው። ሰው ለሰው የተናገረው መሆን አለበት፤ ለራስ የተጉተመተመ ወይም በር ላይ የተጮኸ ንግግር አይባልም። ማንም ያላስጠናው መሆን አለበት። የትርጉም ቤት ሠራተኛ የተናገረው ከሆነ ደግሞ አይቆጠርም፤ ጋጋሪ የራሱን ዳቦ አይመዝንም ይላሉ አለቆቿ። ዓረፍተ ነገሩ የተመረጠ እንደሆነ ተናጋሪውም ሰሚውም ለማረጋገጫ ይጠራሉ። ከማረጋገጫ የተመለሰ ሰው በሩ ቀስ ይልበታል ይባላል። ይባላል እንጂ አጣርቶ የነገራት ሰው የለም።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ “ማንም ሰው ያለ ፍርድ ከቤቱ እንዳይወጣ አይከለከልም።” ሐያት ይህን ይዛ ለወንድሟ አቤት አለች። መልሱ ጨዋ መልስ ነበር። በር ሰውን ያዘገያል፣ ያቆያል፣ ያስታግሳል፤ በር ሰውን ከለከለ የሚል ሕያው ምስክር ግን አልተገኘም። አንድ እንኳ ከተገኘ በር መከልከል ይችላል ማለት ነውና፣ እንድሪስም እንደሱ ያሉትም ሁሉ ያለ ፍርድ ሊያዙ አይችሉም። ጳጉሜ እስኪያልፍ ካልተገኘ ግን የዓመቱ ትርጉም ይዘጋል፤ የተዘጋ ትርጉም ደግሞ ተመልሶ አይከፈትም። መልሱ የደረሳት ነሐሴ ሲገባ ነው።

ፈለገች። እንደ እብድ ፈለገች ቢባል ይቀላል። ቃሉ ሞልቷል። “ሐኪሙ ጨው ከለከለኝ” ይላል አንዱ። “ዝናቡ መንገድ ከለከለን” ይላሉ ገበያ ያመለጣቸው ሴቶች። “ያን ልጅ እንዳታገባ አባቷ ከለከላት” ይባባላሉ ሁለት ጓደኛሞች እየሳቁ። ሐኪም ይከለክላል፣ ዝናብ ይከለክላል፣ አባት ይከለክላል። በር ሲሆን ግን የሰዉ አፍ ይለሰልሳል። “ትንሽ አዘገየኝ።” “ቆይ አለኝ።” “እያሰበልኝ ነው።” ከሰኞ ገበያ እስከ ሸዋ በር፣ ከቤቱ ካልወጣ ዓመት ያለፈው ሰው ሳይቀር፣ እንዴት ነህ ሲባል የሚመልሰው አንድ ነው፦ እግዜር ይመስገን፤ አልሐምዱሊላህ፤ ምንም አይል። ኩላሊቱን ጠጠር እየቆረጠውም እንዲህ የሚል አገር ነው። ክፉ ነገር ካለም ሆድ ይፍጀው ይላል እንጂ ለጠየቀው ሰው ሸክም አድርጎ አይሰጥም። ሐያት በዚህ ወግ ተወልዳ አድጋበታለች፣ ትወደውም ነበር። አሁን ማዳመጫውን አውልቃ ግድግዳ ላይ ልትወረውረው ይቃጣታል።

የሚያናድዳት ሁሉም ስለሚዋሽ አይደለም። እንድሪስም እንዲሁ ስለሆነ ነው።

እናታቸው የሞቱት ያለፈው ጥቅምት ነው። ጀናዛው ሲወጣ ሰዉ ሆን ብሎ በእንድሪስ ደጅ አዞረው፤ ምናልባት በሩ ያዝን ይሆናል ብለው። ቆሙ። ቃሬዛውን የተሸከሙት ወንዶች ትከሻ እየተቀያየሩ ቆሙ። እንድሪስ ነጭ ልብሱን ለብሶ ከበሩ በስተጀርባ ነበር። እናትን ቀብር የሚያወርዳት የገዛ ልጇ ነው፤ ሌላ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። “ጥቂት ይታገሱ አቶ እንድሪስ፣ እያሰብንልዎት ነው” ይላል በሩ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። ፀሐዩ እየበረታ ሲሄድ ኢማሙ አንገታቸውን ደፉ፣ ሰልፉም ተነሳ። የሐያትን እናት ቀብር ያወረዷቸው ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። ከቀብር መልስ ወንድሟ በር ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ከፍታ እጁን ስትይዘው፣ “አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም አረፈች” አላት። እጁ ግን እንደ ውሃ ቀዝቅዞ ነበር።

ትርጉም ቤት ለእንድሪስ የመስማት ቀን ሰጠው። አንድ ሰሚ ይመጣል፣ ከበሩ ፊት ቆሞ ሰው ለሰው ያወራዋል፣ ስለ በሩ ይጠይቀዋል። ሁለት ጊዜ ብቻ ይጠየቃል። የዚያን ጊዜ እንድሪስ ማንም ሳይነግረው፣ ከገዛ አንጀቱ፣ ያቺን አንዲት ቃል ካወጣት አለቀ፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ መልሶ የሚውጣት የለም።

በዋዜማው ሐያት ቂንጬ ይዛ ሄደች። መስኮቷ እጅና ሳህን ታሳልፋለች፤ ፊት ግን ግማሹን ብቻ ነው የምታሳየው። የእንድሪስ ጢም ሸብቷል። ድሮ ጣውላ የሚልግ አናጢ ነበር፤ አሁን ቤት ውስጥ ያለውን ወንበር ሁሉ ፈታትቶ መልሶ ሠርቷል።

“ሰው ይመጣል አሉኝ” አላት።

“አዎ ወንድምጋሼ። ነገ።”

“ምን ልበለው?”

ምን ልበለው! በሩ እየሰማ ነው። አንድ ቃል ብትተነፍስ አስጠናች ይባልና ሁሉም ገደል ይገባል። ሐያት እጇን በመስኮቷ አስገብታ የወንድሟን እጅ ያዘች፤ ያን ቀን፣ እናታቸው በተቀበሩበት ቀን እንደያዘችው አድርጋ አጥብቃ ያዘችው።

“እማን አስባት” አለችው። “ሌላ ምንም አልልህም። እማን አስባት ብቻ።”

“ገባኝ” አለ። “አብሽሪ ሐዩ። ገብቶኛል።”

ያን ዕለት ቤቷ ስትገባ ልቧ ቀሎ ነበር። እትዬ ዘሪቱን ደጃፍ ላይ አግኝታ በማይረባ ነገር ተሳሳቀች።

ሰሚው በነጋታው ከሰዓት በኋላ መጣ። ደምሌ አሊ ይባላል፤ ስሙ ብቻ ወሎዬነቱን ይናገራል። ዕድሜው የገፋ፣ ስስ ካፖርት የለበሰ፣ ሲራመድ እግሩን የሚጎትት ሰው ነው። ነሐሴ ስለሆነ ካፊያው አላባራም። ሐያት እንደ ዘመድ ራቅ ብላ እንድትቆም ተፈቀደላት፤ አፏን እንዳትከፍት ግን ተነገራት። ደምሌ ጥላም አልያዘም። መስኮቷን በጣቱ ቆርቆር አደረገ፣ የእንድሪስ ግማሽ ፊት ብቅ አለ።

“አሰላሙ አለይኩም አቶ እንድሪስ። እንዴት ዋሉ?”

“ወአለይኩሙ ሰላም! አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ እንዴት ዋሉ?”

“እግዜር ይመስገን። ጤናዎስ?”

“አልሐምዱሊላህ።”

“እንቅልፍ እንዴት ነው?”

“አልሐምዱሊላህ፣ እንተኛለን።”

“ክረምቱስ እንዴት ያዘዎት?”

“አልሐምዱሊላህ፣ ችለነዋል።”

“በሩስ እንዴት ነው?”

“አልሐምዱሊላህ።”

ሐያት ዓይኗን ጨፈነች። ሽማግሌው ተንኮል አስቦ ይሆን? ፊቱን አየችው፤ ተንኮል የለበትም። ሰው ደጅ ሄዶ ሳይጠያየቅ ወደ ነገር መግባት ስለማይችል ነው። ወንድሟም ምስጋናውን ጀምሮ መሐል ላይ ማቆም ስለማይችል ነው። ይህን ትርጉም ቤትም ያውቃል፤ ለደሴ ሰሚ አድርጎ የላከው ይህን ሽማግሌ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀርቷል። ደምሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ውሃው ከጆሮው ሥር እየወረደ አንገቱ ውስጥ ይገባል።

“እንዲያው አቶ እንድሪስ፣ ከበሩ ጋር የተቸገሩበት ነገር ካለ ደግሞ ያጫውቱኝ።”

“ኧረ እኔስ ያስቸገረኝ እርስዎን ዝናብ ላይ ማቆሜ ነው!” አለ እንድሪስ፣ ድምፁ ከልቡ ተጨንቆ። “በኛ ቤት እንግዳ ደጅ ቆሞ አያውቅም፣ ወላሂ! ገብተው አረፍ እንዳይሉ እኮ፣ ይኼ በር…”

ቃሏ ጥርሱ ጋ ደርሳለች። ሐያት አየቻት ማለት ይቻላል። የወንድሟ ዓይን ከሽማግሌው ወደ እሷ መጣ፣ እማን እንዳሰባቸው ገባት፤ ዓይኑ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ዓይኑ ወደ እንግዳው ተመለሰ። ስሱን ካፖርት አየ፣ የረጠበውን ጫማ አየ፣ እዚያ ቆሞ የሚንቀጠቀጠውን ሰው አየ። እንደዚህ ያለ ሰው ላይ እንዴት ተደርጎ ሌላ ይጨመርበታል?

“ይኼ በር ትንሽ ይዘገያል” አለ እንድሪስ። “አይፈረድበትም። እሱም ሥራው ነው።”

ደምሌ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀና ከካፖርቱ ኮሌታ ሥር ያለውን መቅጃ ነካ። ተፈጸመ ማለት ነው።

“ወንድምጋሼ!” ሐያት እየሮጠች መስኮቷ ላይ ተለጠፈች። “ምነው? ምነው አፈር ስሆን! ከለከለኝ አትልም? እማን እንዳልቀብር ከለከለኝ አትልም?”

“ደጄ ለቆመ እንግዳ?” አላት። “ዝናብ ላይ አቁሜው፣ ውሃ እንኳ ሳላቀምሰው፣ በምሬት ልሸኘው?”

“አዎ! አዎ በምሬት!”

ከዚያ፣ ከዚያች ጠባብ መስኮት ውስጥ፣ ሐያት ከሱ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ወጣ።

“ከለከለኝ!” አለ። በሩን በጡጫ መታው። “ከለከለኝ! እናቴን በእጄ እንዳላሳርፍ ከለከለኝ! ባዳ አወረዳት፣ እኔ እዚህ ቆሜ! ከለከለኝ እኮ ነው!”

መንገዱ ላይ ያሉ ሰዎች ቆሙ። ከዚያ እርምጃቸውን አፋጠኑ። ሐያት በሥራ ዘመኗ ሁሉ ከዚህ የጠራ ምስክር ሰምታ አታውቅም። ወደ ደምሌ ዞረች፤ ሽማግሌው እያለቀሰ ይሁን ዝናቡ ይሁን አይለይም።

“አይያዝም” አለ። “ተነግሮታል። ቃሉን ከርስዎ አፍ ነው የወሰደው።”

“አባቴ፣ እርስዎም ሰምተዋል!”

“ሰማሁ የኔ ልጅ። ምን ላድርግ፣ ሰማሁ።” ኮሌታውን ዘጋ። ሊሄድ እግሩን ካነሳ በኋላ ተመለሰ። “የናቴን ቤትም የሰማሁ እኔ ነኝ። እሷም አልሐምዱሊላህ ነው ያለችኝ።”

“አሁን የት ናቸው?”

“እዚያው ናታ” አለና እግሩን እየጎተተ ቁልቁል ወረደ።

በማግሥቱ ጠዋት ሐያት በሩ ፊት ጎንበስ ብላ የግራ ጫማዋን ስታስር፣ በሩ አፉን ከፈተ።

“እንደምን አደሩ ወይዘሮ ሐያት?”

እጇ ክሩ ላይ ቀረ።

“የትርጉም ቤት አገልግሎትዎ በምስጋና ተፈጽሟል። ጥቂት ይታገሱ። እያሰብንልዎት ነው።”

የመጀመሪያውን ቀን አለቀሰች፤ ሁለተኛውን ቀን በሩን በምጣድ ማንሻ፣ በወንበር፣ በትከሻዋ ደበደበችው። “ከለከልከኝ!” እያለች ጮኸች። ለበር የተነገረ ንግግር እንዳልሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ጮኸች ግን። ሲደክማት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እዚያ ተቀምጣ ሳለ ነው ነገሩ ብልጭ ያለላት።

ሠራተኛ አይደለችም። ከትናንት ጀምሮ ሠራተኛ አይደለችም! ድምፅዋ ይቆጠራል። ማንም ያላስጠናት፣ ደንቡን የምታውቅ፣ ቃሏ አፏ ላይ ያለች ተራ ሰው ናት። የሚያስፈልጋት አንድ ሰሚ ብቻ ነው። አንድ ሰው ደጇ መጥቶ እንዴት ነሽ ካላት፣ በሩ ከለከለኝ ትለዋለች፤ ከዚያ እንድሪስ ይወጣል፣ የደምሌ እናት ይወጣሉ፣ እሷም ትወጣለች። ትርጉም ቤት ይህን ሳያስብ ቀርቶ ይሆን? ስታስበው ትንሽ ፈራች። እነሱ የማያስቡት ነገር የለም። ብቻ በሰዉ ይተማመናሉ።

ጫማዋን አላወለቀችም። ከነጫማዋ ተኛች፣ ከነጫማዋ ሰገደች ባይባልም ከስግደት ስትነሳ መጀመሪያ የምታደርገው እሱን ነበር። ጳጉሜ ገባ። ሰው አልመጣም። አንቱ የተባለ ሰው ደጅ የሚረግጥ ብዙ የለም፤ የሚመጣው ዘመድ ነው፣ የሷ ዘመድ ደግሞ እንድሪስ ነው። ቂንጬውን አሁን ማን ይወስድለታል?

በጳጉሜ የመጨረሻ ቀን ጠዋት መስኮቷ ተቆረቆረች።

ዘልላ ተነሳች። ከፈተቻት። እትዬ ዘሪቱ ናቸው፤ ነጠላቸውን በጥድፊያ አጣፍተው፣ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘው። ዓይናቸው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይላል። እዚህ ለመቆም ምን ያህል እንደጨከኑ ሐያት ገባት።

“ሐዩ፣ የኔ ልጅ፣ ይቅር በይኝ ቆየሁ። እንዴት አደርሽ?”

ሳህኑ በመስኮቷ ገባ። ትኩስ ነው። ሐያት ሳህኑን በአንድ እጅ ይዛ የእትዬ ዘሪቱን ጣቶች በሌላው ያዘች። ቃሏ አለች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አሁን ትላታለች። ብቻ ለሰላምታቸው መልስ ሳይሰጡ እንዴት ይጀመራል?

“አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ እትዬ?”

“እግዜር ይመስገን። ጤናሽስ?”

“አልሐምዱሊላህ።”

“እኔማ እንዲያው ልቤ ቆሟል” አሉ እትዬ ዘሪቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን ደስታው እያመለጣቸው። “ልጄ ኮምቦልቻ ምጧ ደርሷል። ነገ ልወርድ ነው ላርሳት፣ በሩ ከፈቀደ። የመጀመሪያዋ ነው እኮ። ያለኔ ማን አላት?”

ሐያት ቃሏን ብትናገር ሰሚዋ እትዬ ዘሪቱ ናቸው። ለማረጋገጫ ይጠራሉ። የነገ በራቸው ምን እንደሚላቸው ማንም አጣርቶ አያውቅም፤ ሐያት ግን የማወቅ ያህል ታውቃለች። ልጅቷ ኮምቦልቻ ላይ ብቻዋን ትወልዳለች። በሌላው ወገን እንድሪስ አለ፤ ዛሬ ካልሆነ ወንድሟ ከዚያ ቤት በቃሬዛ እንጂ በእግሩ አይወጣም። ይህን አመዛዘነች ማለት ትክክል አይሆንም። ለማመዛዘን ጊዜ አልነበራትም። ያየችው ጨርቅ የሸፈነውን ሳህንና ያላፈገፈገውን የአሮጊት እጅ ነው።

እትዬ ዘሪቱ ወደ መስኮቷ ጠጋ አሉ። ሰላምታው አላለቀም፤ የሚቀረውን ሳይጠይቁ መሄድ ነውር ነው። ጠየቁ፤ ዓይናቸው ግን አትንገሪኝ ይል ነበር።

“በሩስ እንዴት ነው?”

ሐያት አፏን ከፈተች። ቃሏ እዚያው ነበረች፣ ሙሉዋን፣ የጠራች።

“አልሐምዱሊላህ” አለች።

እትዬ ዘሪቱ ትንፋሻቸውን ለቀቁት። “ተመስገን! እሰይ የኔ ልጅ” አሉ፤ እጇን ሳሙት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ሐያት እርምጃቸው እስኪርቅ መስኮቷን ከፍታ አዳመጠች። ከዚያ ዘጋቻት።

“እናመሰግናለን ወይዘሮ ሐያት” አለ በሩ።

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። በሩ ፊት ጎንበስ ብላ፣ መጀመሪያ የግራውን ቀጥሎም የቀኙን፣ ጫማዋን አወለቀች።